ምዕራፍ 7፦ ላባ የለበሰችው ኳስ

አዲስ አበባን በስተደቡብ ለቅቆ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው ጎዳና ቃሊቲን አልፎ የአቃቂን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚባለው ሠፈር፣ ረድፍ ረድፋቸውን ይዘው በቆሙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል፣ የመስከረም ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ባለችበት ሰዓት፣ እኅትማማች የሚመስሉ ሁለት ልጃገረዶች የልብስ ማስጫውን ገመድ በመካከላቸው አድርገው፣ ላባ መሳይ ጭራ ያላትን ትንሽ ኳስ በቀጭን ራኬት ወዲያና ወዲህ ሲቀባበሉ ቆሜ ተመለከትሁ። ኳሲቱ መሬት ሳትነካ የተመላለሰችበትን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ ነበርና፣ ቁጥሩ 27 ላይ በደረሰ ጊዜ ከሜዳው በኩል የተነሣው ነፋስ ኳሲቱን ከአየር ላይ ነጥቆ እኔ ከቆምሁበት ከቦዩ ዳር ጣላት። «ጋሼ፣ ያቺን ያቀብሉን!» አለች ታላቂቱ።

ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። ከመዳፌ ላይ ስትቀመጥ ክብደት ያላት አትመስልም፤ አፍንጫዋ ላስቲክ፣ ክንፏ መረብ መስሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ከክንፏም ጫፍ አንዱ ዘርፍ ተሰብሮ በነጭ ክር ታስሯል። ምን እየተጫወቱ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ቴኒስ ነዋ!» አሉኝ። ስሙ ባድሜንተን መሆኑን ነገርኋቸው፤ ይህ ስም ከወዴት እንደመጣ መልሰው በጠየቁኝ ጊዜ ግን ነገሩ በአንድ ማታ ተነግሮ የሚያልቅ አልሆነልኝም፤ ይህን ምዕራፍ የጻፍሁትም ያን ዕለት ሳልጨርስላቸው የቀረሁትን ለመፈጸም ነው። በውጭ አገር የተደረገውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሀገራችን የተደረገውን «ዓ.ም.» እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ላባ የተተከለባትን ነገር ወደ ላይ እየመቱ መሬት እንዳትነካ ማቆየት እጅግ የቆየ ጨዋታ ነው። በቻይና በእግር እያነሡ ይጫወቱባታል፤ በጃፓን ልጃገረዶች በአዲስ ዓመት ሰሞን በሥዕል በተጌጠ የእንጨት ገበታ ላባ የተሰካባትን ፍሬ ይቀባበላሉ፤ በአውሮፓም በመኳንንቱ አዳራሽ ውስጥም ሆነ በመንገድ ዳር ሕፃናትና ዐዋቂዎች በትንሽ ገበታ ሲመቷት ብዙ ዘመን ኖረዋል። በአውሮፓውያኑ ጨዋታ ውስጥ መረብ አልነበረም፤ ከፊት ለፊት የሚቆመውም ሰው ባልንጀራ እንጂ ባላጋራ አልነበረም፤ የሁለቱም ድካም ኳሲቱን በአየር ላይ አቆይቶ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ነበር። የቱሉ ዲምቱ ልጃገረዶች ማንም ሳያስተምራቸው የሚጫወቱት ይህንኑ ጥንታዊውን ሥርዓት መሆኑ እጅግ አስደነቀኝ። የእኛ የገና ጨዋታ ከመሠረቱ ሁለት ወገን ለይቶ፣ ሩሯን ወደ ባላጋራ ድንበር ለማሳለፍ የሚታገሉበት፣ ጌታና ሎሌም ለአንድ ቀን እኩል የሚሆኑበት ትግል ነው፤ የላባዋ ኳስ ግን ትግል የሆነችው እጅግ ዘግይታ፣ በመካከል መረብ ከተዘረጋ በኋላ ነው።

መረቡ የተዘረጋው በሕንድ ነው። በሕንድ ምዕራብ፣ ከቦምቤይ ወደ ደጋው ወጣ ብላ የምትገኘው ከተማ፣ ዛሬ ፑኔ የምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ፑና ትባል ነበር፤ የቦምቤይ ጦር የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራዊት ዋና ሠፈርም በርስዋ ነበረ። የጦሩ መኮንኖች ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት ሜዳ ለይተው፣ መረብ አቁመው፣ የላባዋን ኳስ እንደ ውድድር መጫወት ስለ ጀመሩ ጨዋታው በመጀመሪያ በከተማይቱ ስም «ፑና» ተባለ፤ የመጀመሪያው ደንብም በዚያው በ1873 ተጻፈ።

ይህን የቦምቤይ ጦር ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሌላ ነገር ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው ሠራዊት አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር የዚሁ የቦምቤይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነበረ፤ 13 ሺህ የሚያህል ወታደርና 44 ዝሆን በመርከብ ጭኖ በዙላ ወደብ ያወረደው ከቦምቤይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከዚያ በኋላ የብራና መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱ፣ መስቀሉና አክሊሉ፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ሁሉ ተዘርፎ፣ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ጨዋታ የሕዝብ ሁሉ ደስታ ነውና በታሪኩ ውስጥ ሐዘን ማግባት የማይገባ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ጨዋታ የሚጓዘው በሰዎች እጅ መሆኑን፣ በዚያ ዘመንም ባሕርና የብስ የሚያቋርጡት ሰዎች አብዛኞቹ ወታደሮች እንደነበሩ ያስተውልልኝ። ናፒየር ሠራዊቱን ይዞ ከመቅደላ በወጣ በአምስተኛው ዓመት ነው የፑና ደንብ የተጻፈው።

ከመቅደላ ከተወሰዱት መካከል የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ይገኝበታል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ሲቀበሩ፣ ሕፃኑ አማርኛ ዐዋቂ በነበረው፣ ኢትዮጵያውያን «ባሻ ፈለቀ» ይሉት በነበረው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ሆኖ እንግሊዝ አገር ገባ። ስፒዲ በሕንድ የፖሊስ ሹመት ባገኘ ጊዜ ልጁን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ፤ ከሕንድም ወደ ማላያ ተዛውሮ ወደ ፔናንግ ደሴት በሄደ ጊዜ እንደገና ይዞት ሄደ፤ በመጨረሻም በ1872 መንግሥት ልጁን ከስፒዲ ለይቶ፣ ወደ እንግሊዝ አስመልሶ፣ ግሎስተርሺር በሚባለው አውራጃ በቼልተንሃም ትምህርት ቤት አስገባው።

አሁን የጨዋታውን መንገድ ከልዑሉ መንገድ አጠገብ አድርጌ ልናገር። በዚያው በግሎስተርሺር አውራጃ የቦፎርት መስፍን ርስት የሆነ «ባድሜንተን» የሚባል ታላቅ ቤት አለ። ከሕንድ ለዕረፍት የተመለሱ መኮንኖች የፑናን ጨዋታ በዚህ ቤት እንዳሳዩ፣ እንግዶቹም «የባድሜንተን ጨዋታ» እያሉ ስላወሩት ስሙ በዚያው ጸንቶ እንደቀረ ይነገራል፤ ዘመኑም ልዑል ዓለማየሁ በቼልተንሃም ተማሪ የነበረበት፣ 1873 ነው። ኋላም የዓለሙ የባድሜንተን ማኅበር ጽሕፈት ቤት ለረጅም ዘመን የተቀመጠው በዚያችው በቼልተንሃም ነበረ፤ ከዚያ ነቅሎ በ2005 የሄደው ደግሞ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ኳላላምፑር፣ ማለት ስፒዲ ልጁን ወደ ወሰደበት ወደ ማላያ ምድር ነው። ሕንድ፣ ግሎስተርሺር፣ ማላያ፦ የጨዋታው ሦስቱ አገሮች የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን የስደት አገሮች ናቸው። ልዑሉ ራኬት ይዞ ነበር አልልም፤ ታሪክ ያልጻፈውን እኔ አልጨምርም። ዓለማየሁ ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ዐርፎ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ተቀበረ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ጠይቀው ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስለ ባድሜንተን ለኢትዮጵያውያን የሚጽፍ ሰው ይህን ልጅ ሳይጠራ ቢያልፍ ጽሑፉን ያጎደለ ይመስለኛል።

ጨዋታው በእንግሊዝ አገር ደንብና ማኅበር እያበጀ የሄደበት ታሪክ አጭር ነው። በባዝ ከተማ የተቋቋመው ክበብ በ1877 ደንቡን አሻሽሎ ጻፈ፤ በ1893 የእንግሊዝ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1899 ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ተጫዋች ሁሉ የሚመኘው የመላው እንግሊዝ ውድድር ተጀመረ። አንድ ነገር ብቻ ቆም ብለን እንይ። የመጀመሪያው ሜዳ እንደ ዛሬው ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ሁለት ጫፉ ሰፊ ሆኖ በመካከል፣ መረቡ ባለበት፣ እንደ አሸዋ ሰዓት ወገቡ የቀጠነ ነበረ። ይህም የሆነው ጨዋታው በተለመደበት አዳራሽ በመካከሉ በግራና በቀኝ ያሉት በሮች ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ስለነበሩ ነው ይባላል። ምክንያቱ ምንም ቢሆን ይህ ቅርጽ እስከ 1901 ድረስ በደንብ ጸንቶ ኖረ፤ የአንድ ክፍል ልማድ ለሩቅ አገር ሰው ሁሉ ሕግ ሆኖ ይኖር ነበር ማለት ነው።

በ1934 የዓለሙ ማኅበር ሲቋቋም መሥራቾቹ ዘጠኝ ነበሩ፦ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ፣ ዴንማርክ፣ ሆላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳና ኒውዚላንድ። መረቡ የተዘረጋባት፣ ደንቡም መጀመሪያ የተጻፈባት ሕንድ ከመሥራቾቹ መካከል አልነበረችም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሰር ጆርጅ ቶማስ በራኬትም በቼዝም የታወቀ ሰው ነበረ፤ በመላው እንግሊዝ ውድድር 21 ድል ያገኘው ይህ ሰው በቼዝ ሁለት ጊዜ የብሪታኒያ ሻምፒዮን ሆኗል። ሀገሮች በቡድን የሚወዳደሩበትን፣ በስሙ የቶማስ ዋንጫ የተባለውን ዋንጫ በ1939 ሰጠ፤ የዓለም ጦርነት ስለመጣ ግን ውድድሩ ሳይደረግ አሥር ዓመት ያህል ቆየ።

በ1949 በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ከተማ በመጨረሻው ግጥሚያ ዴንማርክን 8 ለ 1 አሸንፋ ይህን ዋንጫ የወሰደችው ማላያ ናት። በዚያ ጊዜ ማላያ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ነፃነቷን ያገኘችው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1957 ነው። የገዢዎቹ የአዳራሽ ጨዋታ በተገዢዎቹ ዘንድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚታየው ግን በዋንጫው ሳይሆን ከዋንጫው በፊት በነበሩት ዓመታት ነው፤ በሲንጋፖርና በማላያ ጎረቤታሞች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እየተሰባሰቡ፣ ለማኅበራቸው ስም አውጥተው፣ መዋጮ አዋጥተው፣ ባዶ መሬት ጠርገው በኖራ መሥመር እያሰመሩ ይጫወቱ ነበር። የእድርንና የጽዋ ማኅበርን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ወዲያው ይረዳዋል። ከእነዚህ የመንደር ማኅበራት ውስጥ ነው የመላው እንግሊዝን ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈው ዎንግ ፔንግ ሱን የወጣው፤ ከርሱ ቀጥሎ አራት ጊዜ ያሸነፈው ኤዲ ቹንግ ደግሞ የተወለደው በፔናንግ ነው።

ከማላያ ማዶ ያለችው ኢንዶኔዥያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አደረገች። በሆላንድ ግዛት ብዙ ዘመን ኖራ፣ ለነፃነቷ ተዋግታ፣ መንግሥቷ ገና ባልጠና ጊዜ በ1951 በባንዱንግ ከተማ የባድሜንተን ማኅበሯን አቋቋመች፤ በ1958 ለቶማስ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድራ፣ ባለ ዋንጫይቱን ማላያን ድል አድርጋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ ወዲያ ባድሜንተን ለኢንዶኔዥያ ሩጫ ለኢትዮጵያ እንደሆነው ሁሉ ሆነላት። ሩዲ ሃርቶኖ የመላው እንግሊዝን ውድድር ስምንት ጊዜ አሸነፈ፤ ሕዝቡም በየመንደሩ ሬዲዮ ከቦ ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። ጨዋታው በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለማሳያ ብቻ ቀርቦ ነበርና፣ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ሆኖ በ1992 በባርሴሎና በገባ ጊዜ ሱሲ ሱሳንቲ በሴቶች፣ አላን ቡዲኩሱማ በወንዶች አሸንፈው ለሀገራቸው የመጀመሪያዎቹን የኦሊምፒክ ወርቆች አስገኙ፤ ሁለቱም ኋላ ባልና ሚስት ሆኑ። ሱሲ ወርቋን የወሰደችው ነሐሴ 4 ቀን በአውሮፓውያን ነበር፤ በሦስተኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ ሰንደቅ ዓላማችንን ለብሳ ሜዳውን ዞረች። ያን ሳምንት በልጅነታችን በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ያየን ሰዎች ደራርቱን አንረሳትም፤ በጃቫ ደሴት ደግሞ በዚያው ሳምንት እንደ እኛ የሚያለቅስ ሕዝብ እንደነበረ ያወቅሁት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው።

የቀረውን በአጭር ልለፍ። ቻይና በ1981 የዓለሙ ማኅበር አባል ሆና በዓመቱ የቶማስን ዋንጫ ወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ኃያል መንግሥት ሆና ኖራለች። ከአውሮፓ ዴንማርክ ብቻዋን ስትታገል ቆይታ በ2016 ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘች፤ በዚያው ዓመት የስፔንዋ ካሮሊና ማሪን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ሕንድም በ2022፣ ደንቡ በምድሯ ከተጻፈ ከ149 ዓመት በኋላ፣ ዋንጫውን ጨበጠች። የአፍሪካ አህጉር ማኅበር በ1977 በዳሬሰላም ተመሥርቷል፤ የሀገራችንም ፌዴሬሽን የአህጉሩና የዓለሙ ማኅበር አባል ነው፤ አዲስ አበባም ከውጭ የመጡ ተጫዋቾች የተካፈሉበትን ዓለም አቀፍ ውድድር አስተናግዳለች።

ወደ ኳሲቱ እንመለስ፤ የዚህ ጨዋታ ምሥጢር ሁሉ በርስዋ ውስጥ ነውና። እውነተኛይቱ ኳስ 16 ላባ አላት። ላባዎቹ ከዝይ ወይም ከዳክዬ ክንፍ ተመርጠው፣ በስስ ቆዳ በተሸፈነ የቡሽ ጉልላት ዙሪያ ተተክለው፣ በክርና በሙጫ ይታሰራሉ። ክብደቷ ከ4.74 ግራም ማነስ፣ ከ5.50 ግራም መብለጥ አይችልም። ላባዎቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከግራው፣ የተወሰዱ ስለሆኑ ዝንባሌያቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ኳሲቱ በአየር ውስጥ እንደ እንዝርት እየሾረች ትሄዳለች። በምትመታበት ጊዜ ተገልብጣ ቡሿን ወደ ፊት፣ ላባዋን ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ላባዋም አየሩን እየያዘ ይጎትታታል። በ2023 ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ የሚባል ሕንዳዊ የመታት ኳስ ከራኬቱ ስትወጣ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተለክቶላታል፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል ፍጥነት ይዛ የወጣች ኳስ የሜዳውን ጫፍ ሳትደርስ ደክማ ትወድቃለች። ከሌሎች ኳሶች ሁሉ የሚለያት ይህ ነው፤ በመብረቅ ፍጥነት ትወጣለች፣ እንደ ቅጠል ትወርዳለች፤ ተጫዋቹም በዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ቅጽበት ውስጥ አስቦ መወሰን አለበት።

እንግዲህ አየሩ ይህን ያህል የሚያዛት ከሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ምን ትሆናለች? አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለጃካርታ ወይም ለኮፐንሃገን የተሠራች ኳስ እዚህ በተመታች ጊዜ የሚይዛት አየር ስለሚያንስ ከታሰበላት አልፋ ትሄዳለች። ደንቡ ለዚህ መፈተኛ አበጅቷል፦ ተጫዋቹ ከኋላው መሥመር ላይ ቆሞ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይመታታል፤ ትክክለኛ ፍጥነት ያላት ኳስ ከማዶኛው የኋላ መሥመር ሳትደርስ ከ53 ሴንቲ ሜትር ባላነሰና ከ99 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ውስጥ መውደቅ አለባት። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለቆላና ለደጋ የተለያየ የፍጥነት ቁጥር እየሰጡ ይሸጣሉ፤ ለእኛ አገር የሚገባው ዘገምተኛዋ ናት። ይህች ካልተገኘች የቆዩ ተጫዋቾች የላባዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ በጥቂቱ እያጠፉ አየሩን ይበልጥ እንድትይዝ ያደርጓታል። ከቆላ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ኳሱ ሁሉ ከሜዳ ውጭ እየወጣበት ቢቸገር በእጁ አይፍረድ፤ ሯጮቻችንን ያሳደገው ቀጭን አየር ነው ያሳሳተው።

ከቱሉ ዲምቱ በስተምዕራብ፣ ከአቃቂ ወንዝ ግርጌ፣ የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ አለ። በጥቅምትና በኅዳር ከሰሜን የዓለም ክፍል ክረምቱን ሽሽት የሚመጡት የውኃ አእዋፍ በዚያ ረግረግ ላይ ሲሰፍሩ ዝይና ዳክዬም አብረው ይታያሉ። አንድ ቀን በማለዳ ከዳርቻው ቆሜ ሳለሁ አንድ የግብፅ ዝይ ከውኃው ተነሥቶ በራሴ ላይ አለፈ፤ ክንፉ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ታላቅ ላባ ከጎረቤቱ ላይ በጥቂቱ ተደርቦ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ አየሁት። በቡሹ ላይ የሚተከሉት 16ቱ ላባዎች አቀማመጣቸው ይህንኑ የመሰለ ነው። ዝይ ማርባት በሀገራችን አልተለመደምና የላባዋ ኳስ ከሩቅ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝታ ትመጣለች፤ በጥቂት ግጥሚያም ላባዋ ተሰብሮ ታልቃለች። የቱሉ ዲምቱ ልጆች በፕላስቲክ የሚጫወቱበት፣ የተሰበረውንም በክር የሚያስሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ክር ካልሁ አይቀር፣ በሕንድ ስለነበረ አንድ ልማድ ልናገር። ነፋስ በበረታ ወይም ሜዳው በረጠበ ጊዜ እንግሊዞቹ የላባዋን ኳስ ትተው ከሱፍ ክር በተጠቀለለ ኳስ ይጫወቱ ነበር። በደቡብ ሕንድ ይህ ልማድ ለብቻው ጨዋታ ሆኖ ጸንቷል፤ ቢጫ የሱፍ ኳስ አለው፤ በየወገኑ አምስት አምስት ሆነው ከቤት ውጭ ይጫወቱታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ላይ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና ተቋቁሞ ኢንዶ-ኢትዮጵያ ይባል የነበረው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የአቃቂ ሰው ከክር ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው፤ ልጆቹም በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ቁርጥራጭ ክር እየጠቀጠቁ ኳስ ሲሠሩ ኖረዋል። የአቃቂ ነፋስ ላባን የሚነጥቅ ከሆነ የክር ኳስ አይነጥቅም፤ የክር ኳስ የሚጠቀልል እጅ ደግሞ በአቃቂ ሞልቷል። ይህን ለመጀመር ከውጭ የሚገዛ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ እውነተኛው ባድሜንተን ነፋስ የማይገባበት ጣሪያ ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው በዴንማርክ በየመንደሩ ባለው አዳራሽ ውስጥ ያደገው። ስለ አዳራሽ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሕንዱ ፕራካሽ ፓዱኮኔ ነው። በባንጋሎር ከተማ ባደገ ጊዜ የስፖርት አዳራሽ አልነበረውም፤ የተማረው ከቤቱ አጠገብ በነበረ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሰርግ በሌለበት ቀን መረብ ይዘረጋል፣ ሰርግ ባለበት ቀን ይነሣል። ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ በ1980 የመላው እንግሊዝን ውድድር አሸነፈ። ለሕንድ የመጀመሪያው ነበረ።

አቃቂ ቃሊቲ የእንግዳ ነገር መግቢያ ሆኖ የኖረ አገር ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ወደ ዋና ከተማይቱ ያለፈው በርሱ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአውሮፕላን ማረፊያውና የሬዲዮ ጣቢያው የነበሩት በርሱ ነው፤ ፋብሪካና መጋዘን የበዛበትም እርሱ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ጣሪያ በአቃቂ አይጠፋም። ባዶውን የቆመ መጋዘን ያላችሁ፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ተዘግቶ የሚከርም የሰርግ አዳራሽ ያላችሁ፣ የትምህርት ቤት የስብሰባ አዳራሽ ቁልፍ በእጃችሁ የሆነ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ሆይ፣ በሳምንት ሁለት ማታ በሩን ክፈቱላቸው። የሜዳው ርዝመት 13.40 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 6.10 ሜትር ነው፤ መሥመሩ በኖራ ይሰመራል፤ ገመዱ በመካከል ከመሬት 1.524 ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። በቱሉ ዲምቱ ገመዱን ያሰሩልኝ ልጆች ቁመቱን በአገጫቸው ለክተው ነበር፤ በሜትር ስለካው ከትክክለኛው የጎደለው አራት ጣት ብቻ ነው።